ሰንዱቅና ስደት፤ የሐርጌሳ ቤቶች የዕቃ ማስቀመጫ ታሪክ

ቤት የሰውን ገመና ይሸፍናል፤ የቤትን ገመና ደግሞ ሣጥን ይሸፍነዋል። የጋብቻ ውል፣ የወርቅ ጉትቻ፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብና ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ የሻይ ብርጭቆ መኖሪያቸው ሣጥን፣ ቡፌ ወይም ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ኑሮ ሊያውቅ የሚሻ ሰው ከአደባባዩ ሐውልት ባልተናነሰ የመኝታ ቤቱን ጥግ መመልከት ይኖርበታል።

በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ይህ ጥግ የሚናገረው ታሪክ ከብዙ ከተሞች የተለየ ነው። በአዲስ አበባ ከአያት የተወረሰ ቁም ሣጥን ወይም በጣሊያን ዘመን የተሠራ ኮመዲኖ በአንድ ቤት ውስጥ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በሐርጌሳ ግን ከ1980 ዓ.ም. በፊት ተገዝቶ እስከ ዛሬ በዚያው ቤተሰብ እጅ የቆየ የእንጨት ዕቃ ብርቅ ነው። በዚህች ከተማ አሮጌ ሣጥን መርጦ ለቤት መግዛት የመልክና የዋጋ ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ሣጥኑ ከየት መጣ? በማን እጅ ነበር? ባለቤቱስ ለምን ተለየው? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ የሚያገኙት ታሪኩ ከሥሩ ሲታይ ነው።

በግመል ጀርባ የሚጫን ቤት

የሶማሌ አርብቶ አደር ጥንታዊ ቤት አቃል ይባላል። የጎበጡ እንጨቶች ተተክለው፣ ተያይዘውና ተሸፋፍነው የሚሠራው ይህ ክብ ቤት የሴቶች የእጅ ሥራ ነው፤ ምንጣፉን የሚሠሩት፣ ቤቱን የሚተክሉት፣ ሲነሡም የሚያፈርሱት እነርሱ ናቸው። ዝናብና ግጦሽ ፍለጋ ጉዞ ሲጀመር ቤቱ ተፈትቶ በግመል ላይ ይጫናል፤ ምንጣፎቹም በግመሉ ጀርባና በጭነቱ መካከል ይነጠፋሉ። እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ በግመል የማይጫን ነገር ሀብት ሳይሆን ሸክም ነው።

ስለዚህ የአቃል ዕቃ ማስቀመጫ ሁሉ ቀላል፣ ክብና ተንጠልጣይ ነው። ሐን የሚባለው የወተት ዕቃ ከሥራሥር ክር ጠብቆ ከመጠላለፉ የተነሣ ፈሳሽ አያፈስም፤ ውስጡም በእንጨት ጭስ ይታጠናል። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የአገሩን ቅል፣ አገልግልና አቅማዳ ቢያስታውስ አይሳሳትም። ልዩነቱ የደጋው ገበሬ ከእነዚህ ጎን ጎታና ጎተራ ያለው መሆኑ ነው፤ ጎታ የሚሠራው በአንድ ቦታ ለመቆየት የወሰነ ሰው ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ የከበረው ሔዶ ነው። ሔዶ በተለይ በሰሜኑ የሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ለሙሽሮች የሚዘጋጅ ክዳን ያለው ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ ሙቅማድ፣ ማለትም ተከትፎ ደርቆ በቅቤ የተጠበቀ ሥጋ፣ ከቴምር ጋር ይቀመጥበታል። ዕቃው እንደ ሙሽራ በጨርቅ ይለብሳል፤ ከላይ እስከ ታች በገመድ ይታሰራል። በሠርጉ ሰባተኛ ቀን ገደማ የሙሽራው ወገኖች ቋጠሮውን በብልሃት እንዲፈቱ ይጠየቃሉ፤ ያልተሳካለት ይቀጣል፣ ይሳቅበታልም። እዚህ ላይ ቁልፉ ብረት አይደለም፤ ያሰሩት ሴቶች ዕውቀት ነው። በሶማሊኛ ሠርግን ለመግለጽ «አቃል ጋል»፣ ማለትም «ቤት መግባት» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ትዳር ማለት የቤት ዕቃን ተረክቦ መጠበቅ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሰንዱቅ

ጠንካራው የእንጨት ሣጥን ወደዚህ አገር የገባው በባሕር ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 ዘይላን፣ ሐረርንና በርበራን በጎበኘበት ዘመን በርበራ ከጥቅምት አካባቢ እስከ ሚያዝያ ድረስ የምትቆይ ታላቅ ገበያ ነበረች። ከኦጋዴንና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ከየመንና ከሕንድ ጠረፍ በጀልባ የሚሻገሩ ነጋዴዎች በአሥር ሺዎች እየሆኑ ይሰባሰቡባት ነበር። ዝናቡና ሙቀቱ ሲቃረብ ሁሉም ዕቃውን ጠቅልሎ ይነሣል፤ ከተማዪቱም ባዶ ትቀራለች። በርበራ ራስዋ በየዓመቱ የምትከፈትና የምትዘጋ ሣጥን ነበረች ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ጀልባዎች ከሚጓዙት ዕቃዎች አንዱ በነሐስ ምስማር የተዋበው ሰንዱቅ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሣጥን በምዕራብ ሕንድ፣ በተለይም በጉጃራት፣ በቦምቤይና በማላባር ጠረፍ ከቲክ ወይም ከሺሻም እንጨት እየተሠራ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ፣ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ዛንዚባር ድረስ ይሸጥ ነበር። ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ፊቱና ጎኑ በነሐስ ቅጠልና በምስማር ጌጥ ይሸፈናል፤ ብዙዎቹ ከግርጌያቸው ሁለት ወይም ሦስት መሳቢያ አላቸው። ውስጡ በአንድ ወገን ለጌጣጌጥ የሚሆን ትንሽ ክፍል ይኖረዋል፤ አንዳንዴም ከዚያ ክፍል ሥር የተደበቀ ሌላ ክፍል ይገኛል። መርከበኛ የነጋዴ ዕቃ፣ ሙሽራም ልብስና ሽቶ ታስቀምጥበታለች።

ስሙም እንደ ዕቃው ተጓዥ ነው። የዐረብኛው ሰንዱቅ በሶማሊኛም፣ በኡርዱም ሰንዱቅ ሲሆን በስዋሂሊ ሰንዱኩ ሆኗል። ከዘይላና ከበርበራ ጋር ለዘመናት የነገደችው ሐረር ግን ለዚሁ ጉዳይ ሌላ መፍትሔም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ዕቃውን የሚያስቀምጠው በአመዛኙ በግድግዳው ነው፤ በግድግዳው ውስጥ በተተዉት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች መጻሕፍትና ሳሕኖች ይደረደራሉ፣ ከላይም ስፌት ይሰቀላል። በግንብ የታጠረ ከተማ ነዋሪ ዕቃውን በግድግዳ ውስጥ ቢያኖር አያስፈራውም። ግንብ የሌለው ደግሞ እጀታ ያለው ሣጥን ይመርጣል። የሐረር ግድግዳና የበርበራ ሰንዱቅ የሁለት ዓይነት ኑሮ ምስክሮች ናቸው።

ካባድ፣ የቆርቆሮ ሣጥንና የመርከበኛ ሻንጣ

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1884 የሶማሌን ሰሜናዊ ጠረፍ በጥበቃ ሥር ሲያደርጉ አስተዳደሩ እስከ 1898 ድረስ በኤደን በኩል ለሕንድ መንግሥት ተጠሪ ነበር። የአገሩ መገበያያም እስከ 1941 ድረስ የሕንድ ሩፒ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ የመንግሥት ቢሮም ሆነ የነጋዴ ቤት ዕቃ ይመጣ የነበረው በዚያው በሕንድና በኤደን መንገድ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የእንግሊዝ ሹማምንት ራሳቸውም ከአርብቶ አደሩ ብዙም ያልተለየ ኑሮ ነበራቸው፤ በርበራ በበጋ እንደ እሳት ስትነድ መሥሪያ ቤታቸውን ጠቅልለው ሼክ ወደምትባለው ተራራማ ከተማ ይወጡ ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንን ከሚጠቀምባቸው ዕቃዎች አንዱ ከወገቡ ለሁለት የሚከፈል፣ ማዕዘኑ በነሐስ የተለበጠና እጀታው ወደ ውስጥ የጠለቀ ባለ መሳቢያ ሣጥን ነው። ለሁለት የሚከፈለው በአንድ የጭነት እንስሳ በግራና በቀኝ እንዲጫን ነው። ቅኝ ገዥውም ቢሆን በዚህ ረገድ ያው ሰፈሩን እየነቀለ የሚጓዝ ሰው ነበር።

ጣሊያን ነሐሴ 1940 እ.ኤ.አ. ግዛቱን ይዞ እንግሊዝ መጋቢት 1941 ካስለቀቀው በኋላ የአስተዳደሩ መናገሻ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሼክ መደር በሚባሉ የሃይማኖት መምህር ዙሪያ የተመሠረተችው መንደር በዚህ ምክንያት ከተማ ሆነች። ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው ሐርጌሳ ነፋሻማና ደረቅ በመሆኗ በየወቅቱ መነሣት የማያስፈልግባት ቦታ ነበረች። የድንጋይ ቤት ሲበዛ የማይነሣ ዕቃም አብሮ መጣ። ቋንቋው ይህን መዝግቦታል፤ በሰሜኑ ሶማሊኛ ቁም ሣጥን ከእንግሊዝኛ ተወስዶ ካባድ ሲባል፣ በአማርኛ ደግሞ ጣሊያንኛው ኮመዲኖ እስከ ዛሬ በአልጋ ራስጌ ቆሟል።

በካርዲፍና በለንደን ወደቦች የኖሩ የሶማሌ መርከበኞችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው። በመርከብ ሞተር ክፍል ከሰል እየጫሩ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለዘመድ ሲልኩ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ዓለማቸው በአንድ ሻንጣ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን የሚልኩት ገንዘብ በአገራቸው ቤት የሚሠራ፣ ቤቱንም በዕቃ የሚሞላ ነበር። በስደት ሻንጣ እየኖሩ በአገር ቤት ቁም ሣጥን ማቆም የሐርጌሳ ቤተሰቦች ልማድ የሆነው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ግንቦት 1980 ዓ.ም.

እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃነቷን ያገኘችው ሶማሌላንድ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። በሐርጌሳ የተደላደለ የከተማ ኑሮ እየጎለበተ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የከተማዪቱ ሙዚየም ሲከፈት ትናንት የዕለት መገልገያ የነበሩት የአርብቶ አደሩ ዕቃዎች ቅርስ ለመባል በቅተው ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ የበጋ ወራት ተገለበጠ።

ሚያዝያ 1988 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ኃይለማርያምና ሲያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ስምምነት ሲያደርጉ፣ መቀመጫውን በኢትዮጵያ አድርጎ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በግንቦት 19 ቀን 1980 ዓ.ም. ቡርዖን፣ ከአራት ቀን በኋላም ሐርጌሳን አጠቃ። የመንግሥቱ ጦር የሰጠው መልስ ከተማዪቱን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ሆነ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አፍሪካ ዋች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ዘገባ በአሥራ ዘጠኝ ወራት ውስጥ ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው እንደተገደለ ገምቷል።

ነዋሪው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በጅግጅጋ አካባቢ የተቋቋመው የሐርቲሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት 250 ሺህ ያህል ስደተኞች የሚኖሩበት፣ በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሴቶቹ ያደረጉት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቁም ሣጥን የለመዱት የከተማ እመቤቶች እንደ አያቶቻቸው እንጨት አጉብጠው በጨርቅና በላስቲክ በመሸፈን አቃል ሠሩ። በድንጋይ ቤት ውስጥ የተረሳ መስሎ የነበረው ዕውቀት በአንድ ትውልድ ልዩነት ሕይወት አዳነ።

ወደ ኋላ የቀረው ዕቃ ግን ተዘረፈ። ዝርፊያው በሣጥንና በምንጣፍ አላበቃም፤ በርና መስኮት ተነቀለ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ተገፎ በመኪና ተጫነ። የሙዚየሙም ስብስብ አልተረፈም። በየቤቱና በየግቢው ፈንጂ ስለተቀበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከስደት የተመለሰው ሰው የገዛ ቤቱን ደጃፍ ለመርገጥ ይፈራ ነበር። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. በቡርዖ የሶማሌላንድ ነፃነት ሲታወጅ፣ ማለትም ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ዋና ከተማዪቱ ጣሪያ አልባ ግድግዳዎች ነበሩ።

ከጥፋቱ የተረፈውን ነገር ያተረፈው በጥንቃቄ የመደበቅ ብልሃት ነው። የሬዲዮ ሐርጌሳ የዘፈን ክሮች ከድብደባው እንዲተርፉ በመሬት ውስጥ ተቀብረውና በየቦታው ተሠውረው ቆይተዋል። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ቁም ሣጥኑ ሲዘረፍ መሬቱ ሣጥን ሆነ ማለት ነው።

አሮጌ ሣጥን የሚመርጥ ሰው

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ገዢ በሐርጌሳም ሆነ በጅግጅጋ ወይም በድሬዳዋ አሮጌ ሰንዱቅ ሲቀርብለት ሁለት ነገር ይመረምራል። አንደኛው እንጨቱን፣ ሁለተኛው መንገዱን ነው።

እንጨቱን በሚመለከት፣ ቲክና ሺሻም ከባድ ናቸው፤ ሣጥኑ በአንድ እጅ በቀላሉ ከተነሣ ሊጠረጠር ይገባል። መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ጎኑ መታየት አለበት። በጥንቱ ሥራ የፊቱና የጎኑ ሳንቃ እንደ ጥርስ እርስ በርሱ ተነካክሶ ይያዛል፤ በምስማር ብቻ የተመታ ወይም ከሥሩ ኮምፔንሳቶ የተለጠፈበት ከሆነ አዲስ ወይም የተጠገነ ነው። የነሐሱ ምስማር ለብዙ ዘመን በእጅ የተዳሰሰ ከሆነ ራሱ ለስልሶ ጠርዙ ይሟሽሻል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሹልና አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ሣጥኑ አሮጌ እንዲመስል በቅርቡ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከወበቃማው ጠረፍ ወደ ደረቁ ደጋ የወጣ እንጨት ስለሚኮማተር በሳንቃዎቹ መካከል ቀጭን ስንጥቅ መታየቱ ጉድለት ሳይሆን የጉዞው ምልክት ነው። ከእግሩ ሥር የሚረግፍ ትኩስ የእንጨት ዱቄት ግን ነቀዝ በውስጡ እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ስለሆነ፣ ሣጥኑ ሳይታከም ከሌላ ዕቃ ጋር መቀመጥ የለበትም። ከሁሉም በላይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ በቫርኒሽ ማብለጭለጭ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሰው እጅ በመቶ ዓመት ያለሰለሰውን ገጽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋልና።

መንገዱን በሚመለከት ደግሞ ምርመራው ይከብዳል። የሻጩ ቤተሰብ ሣጥኑን ከማን ወረሰ? ከበርበራ ነው ከኤደን የመጣው? በየትኛው ዓመት ከእጅ ወጣ? የነሐሱን ጌጥ የሚያደንቅ ገዢ ብዙ ጊዜ እነዚህን አይጠይቅም። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. የተበተነው የሐርጌሳ ዕቃ አመድ ሆኖ አልጠፋም፤ ከፊሉ ተሸጦ ወደ ሌላ ቤት ገብቷል። አንድ ሣጥን ባለ ሁለት መሳቢያ መሆኑን ለሚያይ ሰው ቆንጆ የቤት ዕቃ ነው፤ በክዳኑ ውስጥ እናቷ በምስማር የጫረችውን ምልክት ለምታውቅ ሴት ግን የጠፋ ቤቷ ነው። በሰላሙ ጉባኤዎች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 1993 በቦረማ በተካሄደው፣ ሽማግሌዎች ደምን በዕርቅ ዘግተዋል። የሣጥንና የበር ነገር ግን በጉባኤ የሚያልቅ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ገዢና ሻጭ ሕሊና የተተወ ነው። መንገዱ ያልታወቀ ሣጥን ርካሽ መስሎ ቢታይም ዋጋውን የከፈለ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ሣጥን ሲገዛ የሻጩን ቃል በጽሑፍ ማኖር፣ በክዳኑ ውስጥ ያለውን ስም ወይም ምልክት አለመፋቅ፣ ባለቤቱ ነኝ የሚል ቢመጣም በአክብሮት ማነጋገር ተገቢ ነው።

የኮንቴይነር ዘመን

ዛሬ የሐርጌሳ ቤት የሚሞላው በኮንቴይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዱባዩ ዲፒ ወርልድ የበርበራን ወደብ ለማስተዳደር ተስማምቶ በ2021 አዲሱ የኮንቴይነር ማራገፊያ ተመርቋል። ከባሕር ማዶ የተመለሰው ወገን ከዱባይ፣ ከቱርክና ከቻይና የሚያመጣው ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን በአመዛኙ ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ነው። ሲገባ ያብለጨልጫል፤ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሲገጣጠም ግን ብሎኑ አይዝም። ለመጓዝ የተሠራው ሰንዱቅ መቶ ዓመት ሲቆይ፣ በአንድ ቦታ ለመቆም የተሠራው ቁም ሣጥን አንድ የቤት ለውጥ አይችልም።

ገንዘብም ከሣጥን ወጥቷል። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የስልክ ገንዘብ ከጀመረ በኋላ ከጥቂት ብር እስከ ትልቅ ሒሳብ የሚከፈለው በስልክ ሆኗል። ይሁንና መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ የዋሔን ገበያ በእሳት ሲጋይ፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚገመቱ ሱቆች የነበሩበት ስፍራ በአንድ ሌሊት ዓመድ ሆነ። ንብረት የት ቢቀመጥ ይድናል የሚለው የጥንት ጥያቄ እንደገና ተነሣ።

ይህ ጥያቄ በሐርጌሳ ለሚኖሩት የአማርኛ ተናጋሪዎችም እንግዳ አይደለም። በቶጎ ውጫሌ በኩል ለሥራ የተሻገረ ሰው ቤት ሲከራይ በመጀመሪያ ፍራሽ ይገዛል፤ ልብሱን ግን ለዓመታት በሻንጣ ውስጥ ያኖራል። «ዛሬ ነገ እሄዳለሁ» እያለ ቁም ሣጥን መግዛትን ያዘገያል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱት የሐርጌሳ ሰዎች በሐርቲሼክ ሜዳ በተመሳሳይ ሁኔታ ኖረዋል። ተመልሰው በፈረሰ ግድግዳ ላይ ጣሪያ ካዋሉ በኋላ ያቆሙት ቁም ሣጥን ለዕቃው ሲባል ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ከእንግዲህ አንነሣም የሚል የቤተሰብ ውሳኔ ነበር።

ሰንዱቅ በሶማሊኛ የድምፅ መስጫ ሣጥንም ስም ነው። ሐርጌሳ በተጠቃች በአሥራ ሦስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2001 የሶማሌላንድ ሕዝብ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ወረቀቱን በሰንዱቅ ውስጥ ጨመረ። ከተሰለፉት እናቶች መካከል የሰርጋቸውን ሰንዱቅ በ1980 ዓ.ም. ጥለው የወጡ ብዙዎች ነበሩ።